የስካነር ነገር ለጋራዥ ልጆች ከየት ልጀምርላቸው?

የቦርከናው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ነው ያለሁት፤ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ተለማማጆች አሉኝ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ ላይ እጃቸው ተፍታቷል። ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ሲሰኩ ግን የብልሽት ኮዱን ያነቡና ቀጥታ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ነው። ኮድ፣ ሴንሰር፣ ላይቭ ዳታ (ሴንሰሮቹ በዚያው ሰዓት የሚሰጡት ንባብ)፣ ፍሪዝ ፍሬም የሚባሉትን በምን ቅደም ተከተል ላስተምራቸው? የሚመጣልን በብዛት ቪትዝና ኮሮላ ነው።

ጦሳ ስር፦
የኮዱን አጻጻፍ አስቀድም፤ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም። ፒ ሞተርና ካምቢዮ፣ ሲ ፍሬንና መሪ፣ ቢ ኤርባግና የመሳሰለው፣ ዩ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መስመር። ከፊደሉ ቀጥሎ 0 ካለ ኮዱ ለሁሉም መኪና አንድ ነው፤ 1 ከሆነ የፋብሪካው የራሱ ነውና የዚያው መኪና ማኑዋል ይታይ።

ከዚያ ፒ0118 ላይ ቆይ፤ አብዛኛው ትምህርት እዚያ ነው ያለው። የውሃ ሙቀት ሴንሰር ነው፣ “ሀይ ኢንፑት” ይላል፣ ልጆቹም ሞተሩ የጋለ ይመስላቸዋል። ከፍ ያለው ቮልቴጁ ነው። ኮምፒውተሩ የሚልከው 5 ቮልት በሴንሰሩ በኩል ወደ ኔጋቲቭ መውረጃ ሲያጣ እንዳለ ይቀራል፤ ላይቭ ዳታውም 40 ከዜሮ በታች ያሳያል።

ቁልፉን ኦን አድርገው ሶኬቱን ይንቀሉና የሶኬቱን ሁለት ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ያገናኙ። ንባቡ ከ130 ዲግሪ በላይ ከዘለለ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ደህና ነው፤ ሴንሰሩ ይቀየር። ካልተንቀሳቀሰ የተበጠሰ ሽቦ ወይም የዛገ ፒን ይፈለግ፣ አዲስ ሴንሰር ገንዘብ ማባከን ነው። ሴንሰሩን ለብቻው ሲለኩት በ20 ዲግሪ 2.5 ኪሎ ኦም ገደማ፣ በ80 ዲግሪ 300 ኦም አካባቢ ይሰጣል። የቴስተሩን (የቮልትና የኦም መለኪያውን) ወፍራም ጫፍ ግን ሶኬቱ ውስጥ አያስገቡ፤ ፒኑ ይሰፋና ሌላ ብልሽት ይወልዳል።

ኤሌክትሪክ ብቻ፦
ከላይ ያለው ልክ ነው፣ ግን እኔ ከኮድ በፊት ቴስተር ይቅደም ባይ ነኝ። ስካነሩ ጭራሽ ካልበራ እሱ በሚሰካበት የመኪናው ሶኬት 16ኛው ፒን ላይ 12 ቮልት፣ 4ኛው ላይ ኔጋቲቭ መኖሩን ይለኩ፤ ብዙ ጊዜ የተቃጠለ ፊውዝ ነው። በርቶ ካልተገናኘ ደግሞ ባትሪው ተነቅሎ በዚያው ሶኬት በ6ኛውና በ14ኛው ፒን መሃል ኦሙ ይለካ። 60 ኦም ጤና ነው። 120 ከሆነ ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩበት መስመር አንድ ቦታ ተበጥሷል፣ ወደ ዜሮ ከቀረበ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። በቆዩ ቪትዞች ላይ ሁለቱ ፒኖች ባዶ ከሆኑ ይሄ አይሠራም፤ እነሱ የሚያወሩት በ7ኛው ነው።

ሌላው፣ ኮድ ከመሰረዙ በፊት ፍሪዝ ፍሬሙ በወረቀት ይጻፍ። ኮዱ ሲመዘገብ የነበረውን የሞተር ዙር፣ ሙቀትና ፍጥነት የያዘው እሱ ነው፤ ኮዱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

የቦርከናው፦
አላህ ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ ማፕ ሴንሰር (በሞተሩ አየር ማስገቢያ ውስጥ ያለውን ግፊት የሚለካው) ያለው መኪና ላይ ሞተሩ ሳይነሳ 81 ኪሎ ፓስካል አየን። ማኑዋሉ 101 ይላል። ይቀየር?

ጦሳ ስር፦
አብሽር፣ ደህና ነው። 101 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 81 ትክክለኛዋ ነው፤ ሐረጎን ወጥተህ ደሴ ስትገባ ያው መኪና 75 አካባቢ ያነባል። የሚያሳስበው ሞተሩ ተነስቶ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እያለ ቁጥሩ ወደ 30ዎቹ ካልወረደ ነው። ያኔ መጀመሪያ የቫኪዩም ጎማው (ቱቦው) ተሰንጥቆ ወይም ወልቆ እንደሆነ እዩ።