ሲዲ የሌለው ጌም የማን ነው?

የሳቢያን ልጅ፦ ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። አንድ ነገር ላንሳና እንከራከር። የጌም ማሽን ሲዲ ማስገቢያው ይቅር ወይስ ይኑር? እኔ ይኑር ባይ ነኝ። ማሽን ልገዛ ብር ሳጠራቅም ከርሜ ወሬውን ስከታተል ነው ነገሩ የከነከነኝ። የሶኒ ኩባንያ ማሽን ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2024 ሲወጣ አሜሪካ ላይ 700 ዶላር ነበር። በዚያ ሁሉ ገንዘብ ሲዲ ማስገቢያ የለውም። ከፈለግክ ለብቻው በ80 ዶላር ግዛ ይሉሃል። በጁን 2025 የወጣው ኔንቴንዶ ስዊች 2ም አንዳንድ ካርዶቹ ውስጥ ጌሙ የለም። ካርዱ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ጌሙን ከኢንተርኔት ታወርዳለህ።

እኛ ሰፈር ማሽን የነበራቸው ሁለት ልጆች ናቸው። ሲዲው ግን ቤት ለቤት ይዞር ነበር። አንዱ የኳስ ጌም ይገዛል፣ ሌላው የመኪና፣ ከሳምንት በኋላ ይለዋወጣሉ። ሲሰለቸን እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ይዘን ሄደን ትንሽ ብር ጨምረን በሌላ እንቀይራለን። እኔ ማሽን ሳይኖረኝ ጌም ያወቅኩት በዚህ ነው። አካውንት ላይ የተገዛ ጌም ለማን ይዋሳል?

ከዚራ፦ አቦ፣ ያልከው እውነት ነው፤ እኛም ሰፈር እንደዛ ነበር። ግን የድሬን አቧራ ረሳኸው? ወንድሜ የገዛው ሲዲ ዓመት ሳይሞላው ተጭሮ ግማሽ ላይ እየቆመ አስለቀሰው። አካውንት ላይ ያለ ጌም አይጫርም፣ አይሰበርም። ማሽንህ ቢበላሽ ሌላ ላይ ገብተህ መልሰህ ታወርደዋለህ። ዋጋውንም እየው። ሲወጣ 60 ዶላር የነበረ ጌም ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ቅናሽ ሲገባ በ15 ወይ በ20 ይገኛል። ከዱባይ ሲዲ የሚያመጣልህ ሰው እንዲህ አይቀንስልህም። ኢንተርኔቱም የድሮው አይደለም። ሳፋሪኮም በ2022 ኔትወርኩን መጀመሪያ የከፈተው እዚሁ ድሬ ነው። ማታ አስጀምረህ ትተኛለህ፣ ጠዋት አልቆ ታገኘዋለህ።

የሳቢያን ልጅ፦ መብራት ካልሄደ።

ከዚራ፦ ቢሄድም ካቆመበት ይቀጥላል።

የመጋላው ጌም ቤት፦ ልጆች፣ እኔ በዚህ ሥራ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ። አራት ማሽን አለኝ። ሂሳቡ በጨዋታ ነው፣ የተሸነፈ ጆይስቲክ ያስረክባል። አምና ሲዲ ተወደደብኝና ከአንድ ሰው ጌም የተገዛበት አካውንት ገዛሁ። ሁለት ማሽን ላይ ጫነልኝ። ሦስት ወር በደንብ ሠራ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልጆች ቤቱን ሞልተው እያለ፣ ሁለቱም ላይ ጌሙ ተቆለፈ። ሰውየው የይለፍ ቃሉን ቀይሮ ለሌላ ሸጦታል። ስልኩንም ዘጋ። የዚያን ቀን ለልጆቹ ብራቸውን መልሼ ሸኘኋቸው። ሲዲ ቢሆን መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ማን ይወስደዋል?

ከዚራ፦ ጋሼ፣ በጣም ያሳዝናል። ግን ያ ሌብነት ነው፤ ጥፋቱ የሰውየው ነው። በራስዎ ስም ቢከፍቱ ማንም አይነካዎትም ነበር።

የመጋላው ጌም ቤት፦ የኔ ልጅ፣ በራሴ ስም የት ልክፈት? የፕሌይስቴሽን አካውንት ከሚፈቀድባቸው ሀገሮች መካከል ኢትዮጵያ የለችም። እዚህ የምንከፍተው አሜሪካ ወይ ኢምሬትስ ነን ብለን ነው። ለመግዛትም ውጪ ያለ ዘመድ የስጦታ ካርድ እንዲልክልን እንለምናለን። ሄልዳይቨርስ 2 የሚባለው ጌም ላይ የሆነውን አስታውሺ። በሜይ 2024 ሶኒ በኮምፒውተር የሚጫወተውም ሰው የፕሌይስቴሽን አካውንት ይክፈት አለ። አገልግሎቱ በሌለባቸው ከ170 በላይ ሀገሮችና ግዛቶች ጌሙ ስቲም ከሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ተነሳ። ተጫዋቹ ሲጮህ ሶኒ ትዕዛዙን በቀናት ውስጥ ተወው። እኛ ያለነው ግን እነዚያ ሀገሮች ውስጥ ነው። በሰው ሀገር ስም የከፈትኩት ነገ ቢዘጋ ለማን አቤት እላለሁ?

ከዚራ፦ ለዚህኛው መልስ የለኝም።

ጀጎል፦ ከሐረር ነኝ። ሲዲ ያለውም ሰው ተማምኖ እንዳይተኛ ልንገራችሁ። ኡቢሶፍት የሚባለው ጌም ሠሪ ኩባንያ በ2014 ዘ ክሩ የሚባል የመኪና ጌም አወጣ። ብቻህን ስትጫወት እንኳ በኢንተርኔት የሚገናኘውን የኩባንያውን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ይፈልጋል። ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ተዘጋ። ሲዲውን ገዝተው መደርደሪያ ላይ ያስቀመጡ ሰዎችም አብረው ቀሩ። በዚህ ተናዶ ሮስ ስኮት የሚባል ዩቲዩበር ጌም መግደል ይቁም የሚል ዘመቻ ጀመረ። አውሮፓ ውስጥ የተሰበሰበው ፊርማ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን አልፏል። ጌሙን ስትዘጉት የገዛው ሰው የሚጫወትበትን መንገድ ትታችሁለት ሂዱ ነው የሚሉት። እኔ በሙሉ ልቤ እደግፋቸዋለሁ። ካሊፎርኒያም ከ2025 ጀምሮ ሻጮች የሚሸጡት የመጠቀም ፈቃድ መሆኑን ለገዢው በግልጽ ይንገሩ የሚል ሕግ አላት። ሲዲ ሲዲ ስንል ይሄ እንዳያመልጠን። የገዛሁትን ከእጄ መንጠቅ የሚችለው ማን ነው?

የሳቢያን ልጅ፦ ዘ ክሩን አላውቀውም ነበር፣ አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን ሰርቨር የማይፈልግ ጌም ስንት አለ! የ2013ቱን ጂቲኤ 5 ሲዲ ዛሬ ፕሌይስቴሽን 3 ላይ አስገባው። ታሪኩን ያለ ምንም ኢንተርኔት ትጨርሰዋለህ።

ከዚራ፦ ስለ መዋስ ግን አንድ አዲስ ነገር አለ። ኔንቴንዶ ከ2025 ወዲህ በኢንተርኔት የተገዛ ጌም ማዋስ ፈቅዷል። ለቤተሰብ ቡድንህ አባል ለ14 ቀን ትሰጣለህ፣ ቀኑ ሲያልቅ ራሱ ይመለሳል። እስከዚያ አንተ ጋ አይከፈትም። ሶኒም እንዲህ ቢያደርግ ግማሹ ክርክራችን ይቀር ነበር።

የመጋላው ጌም ቤት፦ ቤተሰብ ሲሉ ጎረቤትም ይገባል?

ከዚራ፦ ቡድኑ እስከ 8 ሰው ነው፣ ጋሼ።

የሳቢያን ልጅ፦ 8 ሰው ለአንድ ግቢ ይበቃል፣ ለሰፈር አይበቃም። ወላሂ እኔ ወስኛለሁ። ዶላሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል፤ ፕሮው ይቅርብኝ። ሲዲ ማስገቢያ ያለውን ተራውን ፕሌይስቴሽን 5፣ ያገለገለ ፈልጌ እገዛለሁ። ጋሼ፣ ማንበቢያው ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የመጋላው ጌም ቤት፦ ብር ሳትከፍል ሲዲ ይዘህ ሂድ። አስገባ፣ አውጣ፣ ደግመህ አስገባ። ድምፁን ስማ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ተጫወትበትና ሙቀቱን በእጅህ ዳስስ። ደግሞ ለምን ብቻህን ትሄዳለህ? ቅዳሜ ጠዋት ና፣ አብረን እናየዋለን።