ባለ 15 አሃዝ ካርድ ላይ የሉን ስሌት እምቢ አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ኮድ መጻፍ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ሊያዩ ወደ መንዝ ጓሳ የሚሄዱ እንግዶች ለሚያድሩበት ቤት የክፍል ማስያዣ ቅጽ በፓይተን እየሠራሁ ነው። የካርድ ቁጥር ሲሳሳቱ ወዲያው እንዲነግራቸው የሉንን (Luhn) ስሌት፣ ማለትም የካርድ ቁጥር በትክክል መጻፉን በአሃዞቹ ድምር የሚፈትሸውን ዘዴ፣ አስገባሁ። ካርዱ ገንዘብ ይኑረው አይኑረው እንደማያሳይ አውቃለሁ፤ የአጻጻፍ ስህተት እንዲይዝልኝ ብቻ ነው።

ከግራ ከመጀመሪያው አሃዝ ጀምሬ አንድ እየዘለልኩ በ2 አባዛለሁ፣ ውጤቱ ከ9 ከበለጠ 9 እቀንሳለሁ፣ ከዚያ ሁሉም ተደምሮ ለ10 ያለ ቀሪ ከተካፈለ አሳልፈዋለሁ። የቪዛ መሞከሪያ ቁጥር 4111111111111111 ድምሩ 30 መጣ፣ አለፈ። ደስ ብሎኝ ቡና አፈላሁ። የአሜሪካን ኤክስፕረስ መሞከሪያ 378282246310005 ግን 48! ትክክለኛ ቁጥር ነው እኮ። በወረቀት ብሠራውም ያው 48።

ሌሊቱን በዚህ ብርድ ጋቢ ተከናንቤ አፈጠጥኩበት። ቆጠራው ከቀኝ መጀመር ነበረበት ይሆን? ታዲያ ባለ 16ቱ እንዴት አለፈ? ከቀኝ ከሆነስ የሚባዛው የመጨረሻው አሃዝ ራሱ ነው ወይስ ከጎኑ ያለው?