ኮሙኒኬሽን ለተማረ ብቻ ወይስ ለ«ተዛማጁ» ሁሉ? (ክርክር)

የፔዳ ጎረቤት፦ እንደምን አላችሁ። ቤታችን ጠብ ገብቷል፣ ፍረዱን። የእህቴ ልጅ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ጨርሳ ዲፓርትመንት ልትመርጥ ነው። ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽንን አንደኛ አድርጌ እሞላለሁ ትላለች። አባቷ አካውንቲንግ ካልሆነ ብሎ ካኮረፈ ሦስት ቀኑ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ነገር ታውቃላችሁ፤ በ2014 ዓ.ም. ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ገደማ ነበሩ። «በዚህ ወንፊት ያለፈች ልጅ ማይክ ልትይዝ?» ነው የሚለው።

እኔ ከልጅቷ ጋር ነኝ። አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። የቅጥር ማስታወቂያ ሲወጣ «በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን፣ በቋንቋ፣ በፖለቲካል ሳይንስ ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ» ይላል። ተዛማጁ ሁሉ የሚገባ ከሆነ እሷ ዓመታት የምትለፋው ለምንድን ነው? የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮሙኒኬሽን መደብ ለተማረው ብቻ ይሁን ወይስ ክፍት ይቆይ?

ማዕበል፦ አካውንቲንግ ትማርና ትገላገሉ። ማውራት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዲግሪ የሚፈልገው? እናቴን ገበያ ላይ ብትሰሟት ፕሮፌሰር ናት።

ባለ ካሜራው፦ እኔ «ተዛማጅ» ከተባሉት ነኝ። ታሪክ ተምሬ አንድ ወረዳ ኮሙኒኬሽን ውስጥ ስድስት ዓመት ሠራሁ። የተረከብኩት ካሜራ ባትሪው ሃያ ደቂቃ አይቆይም። ስብሰባ ይጠሩኛል፣ መድረኩን አነሳለሁ፣ የአዳራሹን ፊት ወንበሮች አነሳለሁ (የኋላው ባዶ ነው)፣ እመለሳለሁ። ዜናውን ሳልሄድም መጻፍ እችላለሁ። በ«ተገለጸ» እጀምራለሁ፣ መሐል ላይ «አሳሰቡ» እላለሁ፣ «ተጠናክሮ ይቀጥላል» ብዬ እዘጋለሁ። አንድ ጊዜ የአምናውን ዜና ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ቀይሬ ላክሁት። ማንም አልነቃ! ስለዚህ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለዚህ ሥራ ዲግሪ አያስፈልግም። ሥራው ግን እንዲህ መሆን ነበረበት ወይ?

ጣና ዳር፦ እኔ ተምሬዋለሁ፣ የምኖረውም በሱ ነው። አንድ ነገር ላጫውታችሁ። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ፣ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ማለት ነው፣ ያልተዘመተበት ጊዜ የለም። አንድ የሐይቅ ዳር ቀበሌ ሄድን፣ ፖስተር ይዘን። «መጤ አረሙን በባለድርሻ አካላት ቅንጅታዊ ንቅናቄ እናስወግድ» ይላል። ገበሬዎቹ ወገባቸው እስኪቀነጠስ አረሙን ነቅለው፣ ጎትተው፣ ውኃው አፋፍ ላይ ከምረውታል። ክረምት ሲገባ ሐይቁ ይሞላና መልሶ ይወስደዋል። ቁራጩ ራሱ ይበቅላል፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ፖስተሩ ላይ ስለዚህ አንድም ቃል የለም። አንድ ሽማግሌ አስነበቡኝና «ልጄ፣ ባለድርሻ የተባልነው እኛ ነን ወይስ አረሙ?» አሉኝ።

አዲሱን እዚያው ከሳቸው ጋር ቁጭ ብለን ጻፍነው። «እምቦጩን ክረምት ውኃው ከማይደርስበት አውጥተህ አድርቀው።» ስድስት ቃል። የተማርኩት ለዚህች ነው ብል አላፍርም።

ማዕበል፦ ስድስት ቃል ለመጻፍ ይሄ ሁሉ ዓመት? ለአንድ ቃል ስንት ሴሚስተር ደረሰሽ?

ጣና ዳር፦ እናትህም ትጽፈው ነበር፣ አልክድም። መደቡ ላይ የተቀጠረው ግን እናትህ አይደለችም። «ባለድርሻ አካላት» የሚለው ሰው ነው።

ሰርግ ቀራጭ፦ የደሞዙን ነገር ለምን ትዘሉታላችሁ? እኔ ዲግሪውን ይዤ ሰርግ ነው የምቀርጸው። ጥር ላይ ሁለት ሰርግ ካገኘሁ፣ አብሮኝ የተመረቀ ሪፖርተር በወር የሚያገኘውን አልፌዋለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ስልኬ ድምፁን ያጠፋል፤ ያኔ እሱ ሻይ ይጋብዘኛል። ደግሞ መውጫ ፈተናውን አትርሱ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም፣ አካውንቲንግም ሆነ ኮሙኒኬሽን።

ባለ ገጹ፦ «ቲክቶክ አለላት» እንዳትሉ ብቻ። እኔ የሁለት ሆቴል ገጽ እየያዝኩ ነበር የምኖር። በ2015 ነሐሴ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ሥራ ፈታሁ። ሬዲዮ የሚሠሩት ግን ሥራቸው ላይ ነበሩ።

እማ ጓል፦ እኔ የምፈራው ድህነቱን አይደለም፣ እስሩን ነው። በዚህ አገር ስንቱ ጋዜጠኛ ታስሯል! ልጅ ያለው ያውቀዋል።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ እኔ መደቡ ክፍት ይሁን ባይ ነኝ። (ፔዳ ብላችሁ የምትጠሩት ግቢ ስሙ ከፔዳጎጂ አካዳሚ የቀረ ነው፤ እኔም የዚያ ዘመን ሰው ነኝ፣ ብስት ታገሡኝ።) የግብርና ዜና ልሥራ ብሎ ዩሪያን ከዳፕ የማይለይ ልጅ ይመጣል። ማይኩን አስተካክሎ ይይዛል፣ ድምፁም ያማረ ነው። ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ግን አያውቅም፣ ባለሙያው ያለውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ለኔ ግብርና ወይም ኢኮኖሚክስ ተምሮ በኋላ አጻጻፉን የሠለጠነ ይሻለኛል። መናገር በሥልጠና ይመጣል። የሚናገሩት ነገር ግን በሦስት ወር አይመጣም።

ጣና ዳር፦ ጋሼ፣ ግማሹን ሰጠሁዎት። እኔም የእምቦጩን ጠባይ የሰማሁት ከባለሙያ ነው። ግን ባለሙያው ያንን ሁሉ እያወቀ ፖስተሩን ያጻፈው ማን ሆነና? እሱ ራሱ ነው! ማወቁ ብቻውን አልጠቀመውም።

ጡረተኛው መምህር፦ እሱስ ልክ ነሽ።

የአዊ ልጅ፦ ልጅቷ ከአማርኛ ሌላ የምትችለው ቋንቋ አለ? አሚኮ (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) እዚሁ ባሕር ዳር ሆኖ በአዊኛ፣ በኽምጥኛና በኦሮምኛም ይሠራል። በአማርኛ ለአንድ ቦታ ሲጋፉ፣ በአዊኛ መጻፍ የሚችል ሰው ያን ያህል አይገኝም። መናገርማ ሁላችንም እንናገራለን፤ ጻፉ ሲባል ነው የምንበተነው።

የፔዳ ጎረቤት፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለ ካሜራው፣ አንተን አንብቤ ስቄ ስቄ መጨረሻ ላይ ከፋኝ። እኔ ወደ ጋሼ ሐሳብ አዘንብያለሁ፣ መደቡ ክፍት ይሁን። መፈተኛው ግን ይለወጥ። አሁን የሚታየው ወረቀትና የሥራ ልምድ ነው። ይልቅ ለአመልካቹ አንድ ገጽ መመሪያ ይሰጠውና «ይህን ሐይቅ ዳር ላለ ገበሬ በአምስት መስመር ጻፍ» ይባል። የጻፈውን ደግሞ ቢሮ ኃላፊው ሳይሆን ገበሬው ያርመው። ታሪክ የተማረ ካለፈ ይግባ። ኮሙኒኬሽን የተማረች ከወደቀች ትውደቅ፣ የእህቴ ልጅም ብትሆን።

ማታ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። አባቷ «ባለድርሻ የተባልነው እኛ ነን ወይስ አረሙ» ላይ ሲደርስ ሳቀ፤ ኩርፊያው ግን እንዳለ ነው። ልጅቷ ስለ ደሞዙም ስለ መውጫ ፈተናውም አልጠየቀችኝ። «ያ ቀበሌ ፖስተሩ ከተቀየረ በኋላ አረሙን አደረቁት ወይስ ክረምት ላይ ተመልሶ ገባ?» ነው ያለችኝ። ጣና ዳር፣ እሱን ሳትነግሪን ነው የተውሽው። መልሺልን፣ አባትየውም እየጠበቀ ነው።