ክርክር፦ የወደቀችውን ለማንሣት የቆመችው ሯጭ ወደ ዞን ማለፍ ነበረባት?

አወያይ፦ ሰላም ለጎጃም ልጆች ሁሉ! የዛሬ መነሻችን በአንድ ወረዳ የተካሄደ የትምህርት ቤቶች ሩጫ ነው። በሴቶች 3 ሺህ ሜትር፣ በመጨረሻው ዙር፣ ከፊት ስትመራ የነበረችው ልጅ ወደቀች። ሁለተኛ የነበረችው ቆማ አነሣቻት። በዚህ መሀል ከኋላ የነበሩ ሁለት ልጆች አለፏቸው። ለዞን የሚያልፉት አንደኛና ሁለተኛ ብቻ ስለሆኑ ሁለቱም ቀሩ። ዳኞቹ ትክክል ናቸው ትላላችሁ?

የስፖርት መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦ መሙ ዳር ቆሜ በዓይኔ ያየሁት ነው። ልጅቷ ብብቷ ሥር ገብታ አነሣቻት፤ ወልቆ የቀረውን ጫማዋን ከመሬት አንሥታ አስያዘቻት፤ ከዚያ በኋላ ነው መሮጥ የቀጠለችው። እንዲህ ያለችውን ልጅ «ጎበዝ» ብሎ አጨብጭቦ ወደ ቤቷ መሸኘት ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ፣ በሴቶች 5 ሺህ ሜትር ማጣሪያ፣ የኒውዚላንዷ ኒኪ ሃምብሊንና የአሜሪካዋ አቤይ ዳጎስቲኖ ተጠላልፈው ወደቁ። ዳጎስቲኖ ተነሥታ ሃምብሊንን አነሣቻት። ቆይቶ የራሷ ጉልበት ሲከዳት ደግሞ ሃምብሊን ቆማ አበረታታቻት። ዳኞቹ ሁለቱንም ለፍጻሜ አሳለፏቸው። ኦሎምፒክ ላይ የተቻለ ወረዳ ላይ ለምን ያቅታል?

ከቢቸና፦ መምህር፣ በአክብሮት ልከራከርዎት። እነዚያ ያለፉት ስለተዛዘኑ ሳይሆን ተጠላልፈው ስለወደቁ ነው። በዚያው ሪዮ የእኛዋ እቴነሽ ዲሮ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ማጣሪያ ከሌሎች ጋር ተጋጭታ፣ ጫማዋ ተበላሽቶባት፣ በአንድ እግሯ ባዶ ሮጣ ጨረሰች። በይግባኝ ለፍጻሜ አለፈች። ሕጉ የሚክሰው የተጠለፈን ነው። ይቺን ልጅ ግን ማን ነካት? ወዳ ነው የቆመችው። ደግሞ ከውድድሩ ውጭ ካለ ሰው የሚመጣ እርዳታ በሩጫ ሕግ የተጠላ መሆኑን አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ2023 በአውስትራሊያ ባተርስት ለተሰንበት ግደይ መጨረሻው መስመር ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ወደቀች፤ ሰው ደግፎ ስላነሣት ውጤቷ ተሰረዘ። አንጀታችን አርሯል፣ ሕጉ ግን ያው ሕግ ነው።

ጋሼ ከሞጣ፦ ልጆቼ፣ እኔ ስለ ሩጫ ሕግ አላውቅም። ማዳበሪያ ለመውሰድ ተሰልፈን ሳለ አንድ ሰው ፀሐይ መትቶት ይወድቃል እንበል። ከኋላው ያለው ደግፎ ጥላ ሥር ያደርሰዋል። ሲመለስ «ወረፋህ አልፏል» የሚለው አለ? የለም። ቦታው ይጠበቅለታል። አባቶቻችንስ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያሉ አይደል ያሳደጉን? በጨዋታ ጌታም ሎሌም እኩል ነው፣ ቂም የለም። የዛሬ ልጆች ከሜዳ ይህን ይዘው ቢወጡ ምን ይጎዳል?

ከቢቸና፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ግን ማዳበሪያው አሥር ኩንታል ብቻ ቢሆን፣ ለእሱ ቦታ ሲጠበቅ መጨረሻ ላይ ያለው ባዶ እጁን ይመለሳል። ዞንም እንደዚያው ነው፤ ያለው ሁለት ቦታ ነው። ለእሷ ከሰጠን ከማን ላይ እንቀማ?

የቀድሞ ሯጭ፣ ባሕር ዳር፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ሁላችንም አቴንስ 2004ን እናነሣለን፤ ቀነኒሳና ስለሺ ጅማቱን ያመመውን ኃይሌን ዞር ዞር እያሉ ሲጠብቁት አይተን አልቅሰናል። እነሱ ግን አቅማቸው ተርፏቸው አንደኛና ሁለተኛ ወጡ። ደራርቱም እ.ኤ.አ. በ2009 በኒውዮርክ ማራቶን ፓውላ ራድክሊፍን «በርቺ» እያለች አበረታታ፣ ራሷ አሸነፈች። እኛ የምናወድሰው አዝኖም ያሸነፈን ነው። አዝኖ የተሸነፈውን ማን ያስታውሰዋል? ለገጠር ልጅ ሁለተኛ መውጣት ማለት ዞን፣ ቀጥሎ ክልል፣ ቀጥሎ ክለብ ነው፤ ክለብ ደግሞ ደመወዝ ነው፣ ለእናት የቆርቆሮ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በስፔን ኬንያዊው አቤል ሙታይ ውድድሩ ያለቀ መስሎት መስመሩ አጠገብ ሲቆም፣ ተከታዩ ኢቫን ፈርናንዴዝ አናያ አላልፈውም ብሎ መንገዱን አሳየው። የገዛ አሠልጣኙ የዓለም የማራቶን ሻምፒዮን የነበረው ማርቲን ፊዝ ነው፤ እሱ እንኳ «እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር» ብሏል። ስለዚህ ደግነትን የምንወድ ከሆነ ዋጋውን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ብቻዋን አትክፈል። ሜዳው ይክፈል፤ ሦስተኛ ቦታ ይጨመር።

እናት ከፍኖተ ሰላም፦ ሁላችሁም የረሳችኋት ልጅ አለች፤ አልፋ የሮጠችውና አንደኛ የወጣችው። የጎረቤቴ ልጅ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት «ጨካኝ» እያሉ ይሰድቧታል። ውኃ ለመቅዳት እንኳ ብቻዋን ነው የምትሄደው። ምን አጠፋች? ጭንቅላቷን ደፍታ ስትሮጥ ማን እንደወደቀ በቅጡ አላየችም። እናንተ ስለ ርኅራኄ ስታወሩ ለእሷ የሚያዝን ጠፋ እንዴ? የቆመችዋን አመስግኑልኝ፣ ያልቆመችዋን ግን አትውገሩብኝ።

የስፖርት መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦ እቴ፣ ይህን ስላነሡት እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ሰልፍ ላይ እኔው ራሴ እናገራለሁ፣ ሦስቱንም ልጆች አጠገቤ አቁሜ። ለወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ደግሞ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፦ ሯጭ ሌላውን ለመርዳት መቆሟን ዋና ዳኛው በዓይኑ አይቶ ከመሰከረ፣ የማንንም ቦታ ሳይነካ ተጨማሪ ሆና ትለፍ። ለአንድ ልጅ የመኪናና የምግብ ወጪ ቢጨመር ነው።

ከቢቸና፦ ተጨማሪ ቦታ ከሆነ የምቃወመው የለም፤ ወጪውንም ከዚህ ግሩፕ እናዋጣ፣ እኔ እጀምራለሁ። የወደቀችው ግን በሰው እጅ ተነሥታለችና አትለፍ ባይ ነኝ። በዚህ ላይ አልተስማማንም፣ ነገም እንከራከርበት።