አንድ ኪሎ ምስር የስንት ሰዓት ሥራ ነው?

መምህር፣ ቦሳ ኪቶ፦
አሜሪካ የሚኖር ጓደኛችን ሰሞኑን ለዕረፍት ጅማ መጥቶ ነበር። ሒርማታ መርካቶ ሄዶ ዘንቢሉን ሞልቶ ሲመለስ «ይህ ሁሉ እዚያ የአንድ ሰው ምሳ አይገዛም፤ ኑሮ ተወደደ የምትሉት ለምንድን ነው?» አለን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። የጅማ ምግብ ርካሽ ነው? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። እናንተስ?

እንግዳው፣ ከሚኒሶታ፦
ያልኩትን አልክድም። እኛ እንጀራ የምንበላው አይዳሆ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ከበቀለ ጤፍ ሲሆን ዋጋው አይቀመስም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በመጋቢት 2025 አንድ ደርዘን እንቁላል ከ6 ዶላር በላይ ሲሸጥ ነበር። በዚያ ገንዘብ ጅማ ላይ የሚገዛውን እንቁላል ቁጠሩት። አቮካዶውንማ ተዉት፤ እዚያ በፍሬ ቆጥረን የምንገዛውን እናንተ በዘንቢል ትሸከሙታላችሁ።

መምህር፣ ቦሳ ኪቶ፦
ወንድሜ፣ በራስህ እንቁላል እንነጋገር። በአሜሪካ እንደ ፈረንጆቹ ከ2009 ጀምሮ ያልተለወጠው የፌዴራል ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 7.25 ዶላር ነው። እንቁላል ጣራ በነካበት በዚያ ወር እንኳ ዝቅተኛው ተከፋይ የአንድ ሰዓት ክፍያው፣ ግብር ሳይቆረጥ፣ ደርዘን እንቁላል ገዝቶ መልስ ያስቀርለት ነበር። እኛ ዘንድ በግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። ድንጋይ ሲሸከም የዋለ የቀን ሠራተኛ በአንድ ሰዓት ላቡ ደርዘን እንቁላል ይገዛል?

የዶላሩንም ነገር ልብ በል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በዶላር ለሚያሰላ ሰው ጅማ ያኔ እጅግ ረከሰች። እኔ ግን በዚያው ሰሞን ሽንኩርት ስገዛ አንድም ብር አልተቀነሰልኝም። የረከሰው ደመወዜ ነው።

ኤርንስት ኤንግል የተባለ ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ እንደ ፈረንጆቹ በ1857 ያስተዋለው ነገር አለ፤ ቤተሰብ በደኸየ ቁጥር ከወጪው ለምግብ የሚሄደው ድርሻ ያድጋል። አሜሪካውያን ግብር ከፍለው ከሚቀራቸው ገቢ ከመቶ ከ10 እስከ 11 ገደማ ለምግብ ያውላሉ። በአገራችን የቤተሰብ ወጪ ግማሽ ያህሉ ምግብ ነው። መለኪያው ይህ ይሁን።

ባለ ወፍጮ፣ መርካቶ፦
የመምህሩን ስሌት እቀበላለሁ፤ እኛም ግን በራሳችን ላይ ዋጋ እየጨመርን ነው። ምድራችን የበቆሎና የጎደሬ ምድር ናት። እኛ ግን ማዕድ ላይ ነጭ ጤፍ ካልቀረበ የተበላ አይመስለንም። ጤፍ ከበቆሎና ከማሽላ ጋር ቀይጠው የሚያስፈጩ እናቶች ሰው እንዳያይባቸው ማዳበሪያውን ሸፍነው ይመጣሉ። ለምን ያፍራሉ? የተቀየጠው ዱቄት በደንብ ከቦካ እንጀራው ዓይን ያወጣል።

የሦስት ልጆች እናት፣ ጅሬን፦
አባቴ፣ ምክርዎ መልካም ነው፤ ምድጃዬን ግን አላዩትም። ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ አፍና ጉሮሮ ያሳክካል፤ እስኪበስል የሚፈጀውን ከሰል ማን ይቁጠርልኝ? ባቄላም እንደዚያው ነው። የምኖረው በኪራይ ነው፤ አከራዬ ቆጣሪው ይበላል ብለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከልክለውኛል። ስለዚህ ርካሽ የተባለው እህል ውድ እሳት ይጠይቀኛል፣ ቶሎ የሚበስለው ክክ ምስር ደግሞ ራሱ ውድ ነው። ሽሮ ያዋጣል የሚሉም አሉ። አዎ፣ ዘይቱን ከየት ላምጣ? ዘይት በአብዛኛው ከውጭ ስለሚመጣ ዶላር በዘለለ ቁጥር አብሮ ይዘላል፤ የጓሮ ጎመኔን በገዛ ቤቴ ያስወደደብኝ እሱ ነው።

በየሌሊቱ ባቄላ እዘፈዝፋለሁ፤ የዘፈዘፉት ቶሎ ይበስላል። እንጀራ በሁለት ቀን አንዴ እጋግራለሁ፤ አንዴ የጋለ ምጣድ ሌላ ማገዶ ያድናል። ወጡን በአቮካዶ አሳንሳለሁ፤ ልጆቼ በእንጀራ ጠቅልለው በጨውና በሚጥሚጣ ይበሉታል፣ ዘይትም እሳትም አይፈልግም። የምኖረው እንዲህ ነው። ግን ይህን ሁሉ የማደርገው ከሥራ መልስ በማታ ነው፤ የዚያ ሰዓት ዋጋ በማናችሁም ሒሳብ ውስጥ የለም።

የጤና ባለሙያ፣ ጅማ፦
ስለ ቅይጡ አንድ ነገር ልጨምር። በቆሎ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን አካል ያንሰዋል፤ ባቄላ፣ አተርና ምስር ይሞሉታል። ስለዚህ ጤፍ ሲቀንስ ጥራጥሬው መጨመር አለበት። ሁለቱም የሚቀነሱበት ቤት እያየሁ ነው፣ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

የቀን ሠራተኛ፣ ጊንጆ፦
ጤፍ ተዉ የሚባለው ምነው ሁልጊዜ ለእኛ ብቻ? ደመወዝ ያለው ነጭ ጤፍ እየበላ እኔን ጎደሬ ብላ ሲለኝ ያመኛል። ጎደሬ ጠልቼ አይደለም፤ እናቴ ያሳደገችኝ በእሱ ነው። መርጬ ልብላው ነው የምለው።

እንግዳው፣ ከሚኒሶታ፦
ከሰሉንና የማታውን ሰዓት አልቆጠርኩም ነበር። እህቴ፣ ይቅርታ። በደመወዝ እንለካ ያለውን መምህር እቀበላለሁ። የጓሮ አትክልትና አቮካዶ ግን ጅማ ላይ በሰዓት ሥራም ቢሰላ ርካሽ ይመስለኛል፤ ያን አልለቅም።

መምህር፣ ቦሳ ኪቶ፦
እንግዲያው በሐሳብ ብቻ አንከራከር። ሐሙስ ገበያ የምትወጡ ሁሉ የገዛችሁትን በብር ሳይሆን በሥራ ሰዓት ጽፋችሁ አምጡ፤ ከሰሉን ጨምራችሁ። የጊንጆው ወንድማችን የቀን ክፍያውን ይጻፍ፣ እኔም ደመወዜን እጽፋለሁ። የሚኒሶታው ደግሞ ያንኑ ዘንቢል እዚያ ገዝቶ በሰዓት ይላክልን።