ከጣርማበር ያመጣሁት ጦስኝ በማሰሮ ውስጥ እየሞተብኝ ነው

ባለፈው ጥቅምት ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማበር አካባቢ፣ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ተጣብቆ ሐምራዊ አበባ ካወጣ ጦስኝ አራት እግር ከነሥሩ ነቅዬ ወደ አዲስ አበባ አመጣሁ። እናቴ ሳል ሲይዛት የደረቀውን ቅጠልና አበባ አፍልታ በማር ትጠጣዋለች፤ ለሽሮም ትጨምረዋለች (የገበያው ሽታ የለውም ባይ ናት)። በጥቁር አፈርና በበሰበሰ የከብት ፍግ በማሰሮ ተክዬ በየማለዳው ውኃ ሳጠጣው ሰነበትኩ፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ፣ ግንዱም አፈሩን በሚነካበት ቦታ ጠቁሮ ሲጫኑት የሚላላ ሆነ። ሦስቱ ሞቱ። አራተኛውም ሳይሞት ጣት የሚያህሉ ስድስት ቅርንጫፎች ቆርጬ በአሸዋ ብቻ ብተክል ሥር የሰደዱት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ከወር በላይ አዲስ ቅጠል አላወጡም። ስህተቴ ውኃ የሚይዘው አፈርና የፍጉ ብዛት ይመስለኛል፤ የትውልድ ቦታው ስስ አፈርና ጠጠር ነውና። ጦስኝ በግቢያችሁ ያለማችሁ፣ ለእነዚህ ሁለት ችግኞች አፈር፣ አሸዋና ጠጠር በምን መጠን ቀላቅዬ፣ በስንት ቀን አንዴ ውኃ ባጠጣቸው ክረምቱን ሳይበሰብሱ ያልፋሉ?