የእንጨት ምድጃችን በጣም ያጨሳል፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችንን የምናሞቀው በእንጨት ምድጃ ነው። የብረት ነው፣ የመስታወት በር አለው። ማታ እሳቱ እስኪነጋ እንዲቆይልን ትልልቅ ግንድ እንከትና የአየር ማስገቢያውን እንዘጋዋለን። ጠዋት መስታወቱ ጠቁሮ ነው የምናገኘው። ጎረቤቶቻችን ጭሱ በመስኮት እየገባ አስቸገራቸው፤ እውነታቸውን ነው። ልጄም ሳል ጀምሯታል። ሌላ ማሞቂያ የለንም።

ብርሃን፦ እህቴ፣ ዋናው ችግር ማዳፈኑ ነው። እንጨት ሲግል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ሙቀትና አየር ካገኘ በነበልባል ይነዳል፤ ካላገኘ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ቤትሽን ሊያሞቅ የሚችለው ነገር ነው በጭስ ማውጫው የሚሄደው። ማታ ግንዱን ተዪው። ከመተኛትሽ በፊት ትንሽ ፍልጥ ጨምሪና አየሩን ሳትዘጊ በደንብ ይንደድ።

የቤት ጠጋኝ፦ ማገዶውስ ደርቋል? ከተፈለጠ በኋላ ቢያንስ 6 ወር፣ ጠንካራ እንጨት ከሆነ ደግሞ ዓመትና ከዚያ በላይ መቆየት አለበት። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት። ሁለት ፍልጥ አጋጪ፦ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ድፍን ይላል። እርጥበት መለኪያ ካለሽ አንዱን እንደገና ፍለጪና አዲሱን ገጽ ለኪ፤ ውጪው ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ክምሩን ከመሬት ከፍ አድርጊው። ከላይ ብቻ ሸፍኚው፣ ጎኑን ንፋስ ያግኘው።

አንድነት፦ አለኳኮሱም ለውጥ አለው። ወፍራሙን ከታች፣ ቀጭኑን ከላይ፣ ጭራሮውን አናቱ ላይ አድርገሽ ከላይ ለኩሺ። ከታች የሚወጣው ጋዝ በነበልባሉ ውስጥ ሲያልፍ ይቃጠላል። ከ15 ደቂቃ ገደማ በኋላ ደጅ ወጥተሽ ጭስ ማውጫውን እዪ። አሁንም ወፍራም ጭስ ካለ ወይ አየር አንሶታል፣ ወይ እንጨቱ እርጥብ ነው።

ሳምሪ፦ ሕፃን ባለበት ቤት ሌሊት እሳት ማጥፋት ግን ይከብዳል። እኛም እናዳፍናለን።

ነርስ፦ ሳምሪዬ፣ ብርዱ ይገባኛል። ግን በታፈነ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ገዳይ ጋዝ ይበዛል። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ተኝተሽ ቢገባ አታውቂውም። በልብስና በብርድ ልብስ ማሞቅ ይሻላል። ምድጃ ያለበት ቤት ሁሉ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ቢኖረው እመክራለሁ። ጠያቂ እህት፣ ልጅሽን ሐኪም ይያት። በጭሱ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ሳንባ ድረስ ይገባል፤ ለሕፃናት ደግሞ ይብሳል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀለም የተቀባ አሮጌ ጣውላ አለን፣ ደረቅ ነው። እሱን ብናነድስ?

የቤት ጠጋኝ፦ በፍጹም! ቀለም የተቀባ፣ ሙጫ ያለበት፣ ፕላስቲክ፣ ምንም እንዳትከቺ። ጭሱ መርዝ ነው።

ጭስ ማውጫ ጠራጊ፦ አንድ ነገር እንዳትረሺ። ይህን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት ጭስ ማውጫውን አስጠርጊ። ለረጅም ጊዜ ስታዳፍኑ ከርማችኋልና ውስጡ ቅጥራን መሳይ ጥላሸት ተጋግሯል። አሁን እሳቱን ስታጠነክሪው ያ ሊያያዝ ይችላል፤ ከጭስ ማውጫ የተነሳ እሳት ጣሪያ ይበላል። ከዚያ በኋላ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይጠረግ። አመዱን ክዳን ባለው የብረት ዕቃ አውጪና ከቤት ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ፤ የጠፋ የመሰለ ፍም ለቀናት ሊቆይ ይችላል።